ደም መለገስ፦ ከመሄድዎ በፊት፣ በሚለግሱበት ጊዜና ከዚያ በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ብዙ ሰው ስለ ደም ልገሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የሚያስበው ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ ነው። እህትዎ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ወይም አባትዎ ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጅተዋል። ነርሷ ወጥታ "ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልጋል፤ ተኪ ለጋሾች ካላችሁ አምጡ" ትላለች። ስልክ ይደወላል፤ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ይሰበሰባል። ከመጡት ስድስት ሰዎች አንዱ ቁርስ ሳይበላ ስለመጣ ይመለሳል፤ አንዷ ደም ማነስ ይገኝባታል፤ አንዱ ትናንት የጀመረውን መድኃኒት ይናገራል፤ ሌላው መርፌውን ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። በመጨረሻ የለገሱት ሁለት ብቻ ይሆናሉ።

ደም መለገስ ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ሰው ጉዳት የለውም። ነገር ግን ፍጹም ቀላል ነው ብሎ መናገርም ትክክል አይደለም። የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። ደግነቱ አብዛኞቹ አስቀድመው የሚታወቁና በጥቂት ዝግጅት የሚወገዱ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለጋሽ ሊሆኑ ላሰቡም፣ ለታማሚ ለጋሽ ለሚፈልጉ ቤተሰቦችም የተዘጋጀ ነው።

ደም አስቀድሞ መገኘት ያለበት ለምንድን ነው?

ዛሬ የተለገሰ ደም ከለጋሹ ክንድ በቀጥታ ወደ ታማሚው አይሄድም። መጀመሪያ የደም ዓይነቱ ይለያል። ከዚያም ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲ እና ለቂጥኝ ይመረመራል። ብዙ ጊዜም ቀይ የደም ሴል፣ ፕላዝማና ፕሌትሌት ተብሎ ይከፋፈላል። ለታማሚው ከመሰጠቱ በፊት ደግሞ ከታማሚው ደም ጋር መስማማቱ በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት ደግሞ ይህን ያህል መጠበቅ አትችልም።

ስለዚህ በድንገተኛ ሰዓት ሕይወት የሚያተርፈው ቀድሞ ተለግሶ፣ ተመርምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ደም ነው። እርስዎ ዛሬ የሚሰጡት ደም የሚተካው ያንን ነው። ደም ለረጅም ጊዜ ማከማቸትም አይቻልም። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ድረስ ሲሆን፣ ፕሌትሌት ግን በአብዛኛው ከ5 ቀን አያልፍም። የደም ባንኮች ሁልጊዜ ለጋሽ የሚፈልጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ቤተሰብ "የራሳችንን ደም ስጡልን፤ የማናውቀውን ሰው ደም አንፈልግም" ይላል። ስሜቱ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን የዘመድ ደም ከሌላው ደም ይበልጥ አስተማማኝ አይደለም። እንዲያውም ከቅርብ የሥጋ ዘመድ በቀጥታ የተሰጠ ደም አልፎ አልፎ ከባድ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ባል ለሚስቱ በቀጥታ ደም እንዲሰጥም አይመከርም፤ በኋላ በምትፀንሰው ልጅ ላይ ጉዳት የሚያደርስ የመከላከያ ንጥረ ነገር በደሟ ውስጥ ሊፈጠር ስለሚችል ነው። የእርስዎ ደም ወደ ባንኩ ሲገባና ታማሚዎ ከባንኩ የተመረመረ ደም ሲያገኝ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ማን መለገስ ይችላል?

በኢትዮጵያ በአጠቃላይ የሚከተሉትን የሚያሟላ ሰው ሊለግስ ይችላል፦

• ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ
• ክብደቱ 45 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ
• በዕለቱ ጤንነት የሚሰማውና ትኩሳት የሌለው
• የደም ግፊቱና የሄሞግሎቢን መጠኑ በቂ ሆኖ የተገኘ
• ካለፈው ልገሳው ቢያንስ 3 ወር የሞላው

የወር አበባ ላይ መሆን ብቻውን አይከለክልም፤ ሄሞግሎቢንዎ በቂ ከሆነና ድካም ካልተሰማዎት መለገስ ይችላሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ የወለደች ወይም የምታጠባ እናት ግን ለራሷም ለልጇም ሲባል እንድትቆይ ይነገራታል።

የደም ዓይነትዎን አለማወቅዎ ከመለገስ አያግድዎትም፤ እዚያው ይመረመራል።

"ዛሬ መለገስ አይችሉም" ሲባሉ

ሥራ አቋርጠው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ ታማሚ እየጠበቀዎት ሄደው "አይችሉም" ሲባሉ ያሳፍራል፤ ያስቆጣልም። አንዳንዱ ሰው ከባድ በሽታ የተገኘበት መስሎት ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ክልከላው ጊዜያዊ ነው። የተለመዱት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው፦

• ሄሞግሎቢን ማነስ። በተለይ በሴቶች ላይ ይበዛል። ደም ባንክ ለልገሳ የሚጠይቀው መጠን በአብዛኛው 12.5 ግራም አካባቢ ሲሆን እንደየቦታው ለወንድና ለሴት ሊለያይ ይችላል። ጤነኛ ሆነው የዕለት ሥራዎን እየሠሩም ከዚህ በታች ሊሆኑ ይችላሉ።
• የደም ግፊት ከፍ ወይም ዝቅ ማለት። ደረጃ ሮጠው ወጥተው ወይም በጣም ፈርተው ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ዐርፈው እንደገና ይለኩ።
• ጉንፋን፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም አንቲባዮቲክ እየወሰዱ መሆን።
• በቅርቡ ወባ መያዝ።
• በቅርቡ ጥርስ መነቀል፣ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ወይም ክትባት መውሰድ።
• ንቅሳት፣ ጆሮ መበሳት ወይም ዋግምት። ዕቃው ንጹሕ ካልነበረ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ስለሚችል ለተወሰኑ ወራት እንዲቆዩ ይደረጋል።

የተከለከሉበትን ምክንያትና መቼ ተመልሰው መምጣት እንደሚችሉ መጠየቅ መብትዎ ነው። "ደም ማነስ አለብዎት" ከተባሉ ደግሞ ወሬውን እዚያው ጥለው አይሂዱ። ሰውነትዎ አስቀድሞ ያስጠነቀቀዎት ነገር ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ምክንያቱን ያስመርምሩ። ከባድ የወር አበባ፣ የአንጀት ትላትል፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የምግብ እጥረት ሊሆን ይችላል። ሳይመረመሩ የብረት እንክብል ገዝቶ መዋጥ ትክክለኛውን በሽታ ሊደብቅ ይችላል።

ከመለገስዎ በፊት እንዴት ይዘጋጃሉ?

• ሌሊቱን በቂ እንቅልፍ ይተኙ።
• ከመሄድዎ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ምግብ ይብሉ። ባዶ ሆድ ራስን ለመሳት አንዱ ምክንያት ነው።
• ልገሳው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ይጠጡ።
• አልኮል አይጠጡ።
• እጅጌው በቀላሉ ወደ ላይ የሚጠቀለል ልብስ ይልበሱ።
• መታወቂያዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ይያዙ።

የብረት መጠንዎን ለመጠበቅ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋና ጉበት ይመገቡ። ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት በሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይሰርግም። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ ከምግቡ ጋር ሲወሰድ ግን ይሻሻላል። ቡናና ሻይ በተቃራኒው ብረቱን ስለሚይዙት፣ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ከመጠጣት ይልቅ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተው ይጠጡ። ጤፍ ብረት አለው፤ ሊጡ መቦካቱም ይረዳል፤ ነገር ግን "እንጀራ እየበላሁ ደም አያንሰኝም" ብለው አይተማመኑ።

በጾም ወቅት

ይህ በብዙ ቤት የሚነሳ ጥያቄ ነው። የጾም ምግብ መመገብ ከመለገስ አይከለክልም። የሚያስቸግረው ምንም ሳይቀምሱ መቆየቱ ነው። እስከ ስድስት ወይም ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ልገሳውን ከበሉና ከጠጡ በኋላ ያድርጉት፤ ወይም ወደማይጾሙበት ቀን ያዛውሩት። በረመዳን የሚጾሙ ከሆነም ከኢፍጣር በኋላ የሚሠራ ቦታ ካለ ያንን ይምረጡ፤ ከሌለ ጾሙ እስኪያልቅ ይቆዩ። ረጅም ጾም ሲገባ ለጋሽ ስለሚቀንስ፣ ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት መለገስ ትልቅ እርዳታ ነው።

በልገሳው ቀን ምን ይደረጋል?

1. ስለ ጤንነትዎ መጠይቅ ይሞላሉ፤ ባለሙያም ለብቻዎ ያነጋግርዎታል።
2. ክብደትዎና የደም ግፊትዎ ይለካል፤ ከጣትዎ ጫፍ ጥቂት ደም ተወስዶ ሄሞግሎቢንዎ ይታያል።
3. ጋደም ብለው ክንድዎ በላስቲክ ይታሰራል፤ ቆዳዎ በጸረ ተሕዋስያን ይጸዳል፤ መርፌው ይገባል። መርፌውና ከረጢቱ አዲስና ለአንድ ሰው ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው። በመለገስ በሽታ አይያዝም።
4. ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰዳል። ይህ በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ ካለው 5 ሊትር ገደማ ደም ከአንድ ዐሥረኛ በታች ነው። ደሙ የሚፈስበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ ከመጠይቁና ከዕረፍቱ ጋር ግን አንድ ሰዓት ያህል ይመድቡ።
5. ዐርፈው ጣፋጭ ነገር ይጠጣሉ፤ ብስኩት ወይም ሌላ ቀላል ምግብም ይሰጥዎታል።

በልገሳ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

ፍርሃት። መርፌ መፍራት የልጅነት ወይም የድክመት ምልክት አይደለም። ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ፤ መርፌው ሲገባ ፊትዎን ያዙሩ፤ አብሮዎት የመጣ ሰው ያጫውትዎ። የሚያመው በአብዛኛው መርፌው በሚገባበት ቅጽበት ነው።

ደም ሥር አለመገኘት። አንዳንድ ሰው ደም ሥሩ ቀጭን ወይም ጥልቅ ነው። ውኃ መጠጣትና ክንድን ማሞቅ ይረዳል። በአንደኛው ክንድ ካልተሳካ በሌላው ይሞከራል። ደጋግሞ መውጋት ካስጨነቀዎት "ይበቃኛል" ማለት ይችላሉ። ደሙ ቀስ ብሎ ከፈሰሰ ከረጢቱ ሳይሞላ ሊቆም ይችላል፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ማዞርና ራስን መሳት። በብዛት የሚታየው በመጀመሪያ ጊዜ ለጋሾች፣ በወጣቶችና ክብደታቸው አነስተኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። ፍርሃት፣ ድካም ወይም የደም መጠን መቀነስ የልብ ምትንና የደም ግፊትን በድንገት ዝቅ ሲያደርግ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ለአፍታ ያንሳል። ከዚያ በፊት ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዛጋት፣ የዓይን መጨለም ወይም የጆሮ መጮህ ይሰማዎታል። ይህን ሲያዩ አይቻሉት፤ ወዲያው ይናገሩ። በጀርባዎ አስተኝተው እግርዎን ከፍ ያደርጉልዎታል፤ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። በሚለግሱበት ጊዜ እግርዎን አነባብረው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎን ማጥበቅና ማላላት ማዞሩን ለመከላከል ይረዳል።

የክንድ ሕመም። መርፌው ሲገባ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም ወደ ጣት የሚወርድ ሕመም ከተሰማዎት ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይንገሩ፤ መርፌው መውጣት አለበት።

ከለገሱ በኋላ

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይቀመጡ አይውጡ። ብዙ ሰው "ደህና ነኝ" ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚወድቀው ይህን ስለሚያሳጥር ነው። ፀሐይ ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ አይቁሙ፤ በተጨናነቀ አውቶቡስም ቆመው አይሂዱ። በዕለቱ፦

• ፕላስተሩን ለጥቂት ሰዓታት አይንቀሉ።
• ውኃና ሌላ ፈሳሽ አብዝተው ይጠጡ።
• በለገሱበት ክንድ ከባድ ዕቃ አያንሱ።
• ሲጋራ ከማጨስ፣ አልኮል ከመጠጣትና በጣም በሞቀ ውኃ ከመታጠብ ይቆጠቡ።
• ሥራዎ ከፍታ ላይ መውጣት፣ ከባድ መኪና መንዳት ወይም ሸክም ከሆነ የዕረፍት ቀንዎን ለልገሳ ይምረጡ።

መርፌው የገባበት ቦታ ከደማ ክንድዎን ከፍ አድርገው ይጫኑት። ቢበልዝ አይደንግጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ቀዝቃዛ ነገር ይያዙበት፤ ቀለሙ እየተለወጠ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል።

የፈሳሹ መጠን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል። ቀይ የደም ሴሎቹ ለመተካት ሳምንታት ይወስዳሉ። ከአንድ ልገሳ ጋር ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ስለሚወጣ፣ እሱን ለመመለስ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ያስፈልጋል። 3 ወር ጠብቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

የሚከተሉት ካጋጠሙዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦ የማይቆም መድማት፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ የክንድ መደንዘዝ ወይም መዛል፣ መቅላትና ትኩሳት፣ ተደጋጋሚ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም። ከለገሱ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ከጀመረዎት ለደም ባንኩም ይደውሉ፤ ደምዎ ለታማሚ እንዳይሰጥ ሊያደርጉ ይችላሉ።

እውነቱን ስለመናገርና ስለ ምስጢር

በመጠይቁ ላይ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ስለ ወፍ በሽታ፣ በመርፌ ስለሚወሰዱ ነገሮች ይጠየቃሉ። ጥያቄዎቹ እርስዎን ለመዳኘት የቀረቡ አይደሉም። አንድ ሰው በቫይረስ ከተያዘ በኋላ ምርመራው ሳያሳይ የሚያልፍ የተወሰነ ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ታማሚውን የሚጠብቀው የእርስዎ ቃል ነው።

ከባዱ ነገር ከዘመድ ጋር ተሰብስቦ መምጣት ነው። አጎትዎ ደጃፍ ላይ እየጠበቁ "አልችልም" ማለት ያሳፍራል፤ "ምን ሆነህ ነው?" ይባላል። መለገስ እንደሌለብዎት ካወቁ ለባለሙያው ብቻዎን ሲሆኑ ይንገሩት። ምክንያቱን ለማንም ሳይናገር ይመልስዎታል። ለቤተሰብ "ግፊቴ ዝቅ ብሏል፤ ሌላ ጊዜ ና ተብያለሁ" ቢሉ ማንም አይጎዳም። የተመለሰ ሰው ካለ ደግሞ ቤተሰብም ምክንያቱን አይጠይቅ።

የበሽታ ምርመራ ውጤት ለማወቅ ብቻ ብለው አይለግሱ። ለዚያ በጤና ጣቢያ የምክርና የምርመራ አገልግሎት አለ።

ታማሚ ላለበት ቤተሰብ

ለጋሽ አምጡ ከተባላችሁ ከመደዋወላችሁ በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ከረጢት? እስከ መቼ? የት ነው የሚለገሰው? የሚያስፈልግ ወረቀት አለ? ለጋሾቹ የግድ ተመሳሳይ የደም ዓይነት ሊኖራቸው ይገባል? የተወሰደውን ለመተካት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደም ዓይነቱ አንድ መሆን አያስፈልገውም፤ ይህን ባለማወቅ ብዙ ፈቃደኛ ሰው ሳይጠራ ይቀራል።

ሰው ስትጠሩ በስልክ አምስት ነገር ጠይቁ፦ ዕድሜህ? ክብደትህ? ምግብ በልተሃል? ሰሞኑን አመመህ ወይም መድኃኒት ወሰድህ? ለመጨረሻ ጊዜ የለገስኸው መቼ ነው? ይህ የሁለት ደቂቃ ጥያቄ የግማሽ ቀን ምልልስ ያስቀራል። ከሚፈለገው ቁጥር በላይም ጥሩ፤ የሚመለስ ሰው አይጠፋም።

ታማሚው እንደ ካንሰር ወይም የደም በሽታ ያለበትና ደም ደጋግሞ የሚያስፈልገው ከሆነ ሁሉም ለጋሽ በአንድ ቀን አይለግስ። አንድ ጊዜ የለገሰ ሰው ለ3 ወር ስለማይመለስ በተራ መድቡ። የዕድር፣ የማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለዚህ ጥሩ ናቸው።

ሆስፒታል በር ላይ ገንዘብ ተቀብሎ "ደም ልስጥላችሁ" የሚል ሰው ካገኛችሁ አትቀበሉ። ለገንዘብ የሚሰጥ ሰው በሽታውን ለመደበቅ ምክንያት አለው። ደም አይገዛም፣ አይሸጥም።

በውጭ አገር ለምትኖሩ

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ደም ባንኮች ስለ ወባ ይጠይቃሉ። አገር ቤት ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ፣ በተለይም ከ2,000 ሜትር በታች ወዳሉ እንደ አርባ ምንጭና ጋምቤላ ያሉ ቦታዎች ከሄዳችሁ፣ ለወራት እንድትቆዩ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። በቅርቡ ከአገር የወጣ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ ሊጠብቅ ይችላል። የሄዳችሁባቸውን ከተሞችና ቀኖች መዝግባችሁ ያዙ፤ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይም ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ክልከላው በወባ ምክንያት እንጂ በማንነታችሁ አይደለም።

በአጭሩ

በልተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ተኝተው ይሂዱ። እውነቱን ይናገሩ። ማዞር ሲጀምርዎት አይደብቁ። ከለገሱ በኋላ ዐርፈው ይውጡ። "ሌላ ጊዜ" ከተባሉ ቀኑን ጠይቀው ይመለሱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚወዱት ሰው አልጋ ላይ እስኪተኛ አይጠብቁ። ጤነኛ ሆነው ባልተጨነቁበት ቀን የሚሰጡት ደም፣ ሌላ ቤተሰብ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ስልክ በሚደውልበት ሰዓት ማቀዝቀዣው ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።